ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚደክመው ቫልቭ

ጋሼ አምፕሊፋየራቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ቤቴ የመጡት በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ሁለታችንም የምንኖረው ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ሲወጡ በሚገኘው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በገና ይደረድራሉ። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠግኜ አዳሪ ነኝ።

«ልጄ፣ በገናው በቀኝ ጆሮዬ በኩል ታፍኗል» አሉኝ። «ድምፁ አልጠፋም። ግን እንዚራው ሞቷል።»

እንዚራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ፦ በገና 10 አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ እየነካት ይርገበገባል፤ በገናን በገና የሚያሰኘው ያ የንብ ቀፎ የመሰለ ጥዝጣዜ ከእሷ ነው የሚወጣው። እንዚራዋን በትክክል ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዕድሜ ልኩን ይህን ሲያስተካክል የኖረ ጆሮ «ሞቷል» ካለ አንድ የሞተ ነገር አለ ብዬ ማመን ነበረብኝ። ወዲያው ግን አላመንኩም፤ ስሕተቴም የጀመረው ከዚያ ነው።

አምፕሊፋየሩን የላከላቸው ውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው ነው። ማዳመጫው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው፤ 300 ኦም። ባለቤታቸው እትዬ በጊዜ ስለሚተኙ ጋሼ ማታ ማታ የሚያዳምጡት በዚህ ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለት ቫልቮች፣ ማለትም አምፖል የሚመስሉ የድሮ ማጉያ ብርጭቆዎች፣ አሉት። ከፊት ያለችው ባለ ዘጠኝ እግሯ ትንሽ ቫልቭ ኢሲሲ88 ከሚባለው ቤተሰብ ናት፤ ድምፁን የምታጎላው እሷ ናት። ከኋላ ያለው ትልቁ ቫልቭ 6080 ይባላል፤ ማዳመጫውን የሚነዳው እሱ ነው። ሁለቱም በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሁለት ትራዮድ (ራሱን የቻለ ማጉያ) ይዘዋል፤ አንደኛው ግማሽ ለግራ፣ ሌላኛው ለቀኝ ይሠራል። ይህ ለጠጋኝ አስቸጋሪ ነው። ግራና ቀኝ የየራሳቸው ቫልቭ ቢኖራቸው ኖሮ ቦታ ለቦታ አቀያይሮ ሕመሙ አብሮ ይሄድ እንደሆነ ማየት ይበቃ ነበር። እዚህ ግን በሽተኛውና ጤነኛው በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ናቸው።

በማግስቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከፈትኩት። መጀመሪያ የግብዓት ገመዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ከዚያ ማዳመጫውን ገልብጬ አጠለቅኩ። ገመዶቹም ማዳመጫውም ደህና ናቸው። የቫልቮቹን እግርና መቀመጫ በአልኮል አጸዳሁ። አምፕሊፋየሩን ለሁለት ሰዓት አሠራሁት፤ የጋሼን የበገና ቅጂ ራሱን አጫወትኩ። እንዚራው ሕያው ነው፤ ግራም ቀኝም ይጠዘጥዛል። ምናልባት ቀኙ በጣም በጥቂቱ ዝቅ ያለ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ስላልሆንኩ አለፍኩት። «የእግሮቹ ዝገት ነበር፤ ጸድቷል» ብዬ መለስኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወሉ። «አንተ ቤት ደህና ነው፤ እኔ ቤት ሲገባ ይታመማል።»

አምፕሊፋየሩን እንደገና ወደ እኔ ማምጣቱን ትቼ፣ መለዋወጫ 6080 በኪሴ ይዤ፣ ቴስተሬንና ካቻቪቴዬን አንጠልጥዬ ማታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በግራ በኩል በገናው እፊቴ ተቀምጧል፤ በቀኝ በኩል በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። 6080ውን ቀየርኩት። ለውጥ የለም።

ይህን ስናደርግ እትዬ ከማድ ቤት ብቅ አሉ፤ እጃቸው ሊጥ ነክቶታል።

«ዛሬም ምጣዱ አልግል ብሎኛል» አሉ ለጋሼ። «ማታ ማታ እንዲህ ነው። እንጀራው ዓይን እንኳ አላወጣም።»

ቴስተሬን አንስቼ አምፕሊፋየሩ የተሰካበት ዲቫይደር ውስጥ ከተትኩ። 179 ቮልት። እትዬን ምጣዱን ለአፍታ እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው፤ 186 ሆነ። በእኔ ቤት፣ ያንን አምፕሊፋየር «ጤነኛ ነው» ባልኩበት ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የመስመሩ ቮልቴጅ 222 ነበር።

አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሰፈራችን ከዓመት ዓመት ቤት እየተጨመረበት፣ መስመሩ እየረዘመ የሄደ ሰፈር ነው፤ ማታ ሁሉም ሰው ከሥራ ሲመለስ ሁሉም ቤት አንድ ነገር ይጥዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 186 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት የሚወርደው በቮልቴጁ ልክ አይደለም፤ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ከአራት እጅ አንዱን የሚያህል ሙቀት፣ ከዚያም በላይ ይጠፋል። እንጀራው ዓይን ያላወጣው ለዚህ ነው። የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመርም የቫልቮቹን ክር (እንደ አምፖል ክር ውስጣቸው የሚግለውን) የሚያሞቀው በዚያው መስመር ነው፤ ማረጋጊያ የሚባል ነገር ውስጡ የለም። የክሩ ቮልቴጅ 6.3 መሆን ሲገባው በ186 ወደ 5.3 ይወርዳል፤ ምጣዱ ሲጣድ ደግሞ ወደ 5.1። አምራቾቹ የሚፈቅዱት መዋዠቅ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ ይህም ከ5.7 በታች መውረድ የለበትም ማለት ነው።

ጥፋቱ የመብራቱ ነው ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ግን አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። ቮልቴጁ የወረደው ለግራውም ለቀኙም እኩል ነው፤ ክሩም የጋራ ነው። ታዲያ ለምን ቀኙ ብቻ ታፈነ?

ካቶዱ ምን ያህል ትርፍ አለው?

በቫልቭ ውስጥ ካቶድ የሚባለው ቀጭን ቧንቧ በባሪየምና በስትሮንቲየም ኦክሳይድ የተቀባ ነው። ክሩ ሲያሞቀው ኤሌክትሮኖች ከቅቡ ወጥተው ዙሪያውን እንደ ጉም ይከብቡታል። አኖዱ ከዚያ ጉም እየሳበ ይወስዳል፤ ግሪዱ ምን ያህል እንደሚያልፍ ይወስናል። ጤነኛ ካቶድ አኖዱ ከሚፈልገው እጅግ የበለጠ ያመነጫል። ስለዚህ ክሩ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ትርፉ ይቀንሳል እንጂ አኖዱ ብዙም አይጎድልበትም። ገፈርሳ ግድብ ሞልቶ ሳለ ውሃው አንድ ክንድ ቢጎድል በቧንቧችን አናውቀውም፤ ሊደርቅ ሲቃረብ ግን ያው አንድ ክንድ ሰፈሩን ሁሉ ያስጠማል። ያረጀ ካቶድ ሊደርቅ የተቃረበ ግድብ ነው። በ6.3 ቮልት ይሠራል፤ ሲቀዘቅዝ ግን የድምፁ ጫፍ የሚጠይቀውን ኤሌክትሮን መስጠት ያቅተዋል፤ ጫፉም ይቆረጣል። እንዚራ ደግሞ ጥዝጣዜው ሁሉ ጫፍ ነው።

ድሮ በውጭ አገር ይሸጡ ከነበሩት የቫልቭ መፈተሻ ማሽኖች አንዳንዶቹ ለዚሁ የሚሆን ማብሪያ ነበራቸው፦ የክሩን ቮልቴጅ በ10 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎ ቫልቩ ምን ያህል እንደሚደክም ያሳያል፤ የቀረው ዕድሜ የሚገመተው በዚያ ነው። የአሸዋ ሜዳ መስመር ያንን ፈተና በየማታው ለጋሼ ቫልቭ ይሰጥ ነበር። ግራው ያልፋል፤ ቀኙ ይወድቃል። እኔ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የፈተንኩት ፈተናው በሌለበት ሰዓት ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ለጋሼ ወረቀትና አንድ ቴስተር ሰጥቼ ለሰባት ቀን እንዲመዘግቡ ጠየቅኳቸው። በመምህር የእጅ ጽሕፈት የተሞላው ወረቀት በአማካይ እንዲህ ይላል፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት 219፤ ከቀኑ 6 ሰዓት 222፤ ከቀኑ 12 ሰዓት 203፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 186፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት 233። የሌሊቱንም ልብ ይሏል። ሰፈሩ ሲተኛ ክሩ ወደ 6.7 ይወጣል፤ በሚፈቀደው ውስጥ ነው፤ ግን ካቶዱን ያለ ጥቅም ያስረጀዋል።

መፈተሻው

ቫልቭ መፈተሻ ማሽን የለኝም። በጠረጴዛዬ ላይ የሠራሁት ይህ ነው፤ ማንም ጠንቃቃ ጠጋኝ ሊሠራው ይችላል።

ለክሩ የላፕቶፕ ቻርጀር ተጠቀምኩ። ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ግብዓት ስለሚቀበል የሰፈራችን መብራት አያናውጠውም፤ ከሚያወጣው 19 ቮልት ላይ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትንሽ ሰሌዳ አስገብቼ ክሩን ከ5 እስከ 7 ቮልት እንደፈለግኩ ማድረግ ቻልኩ። ለአኖዱ ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች 10 ገዝቼ በተከታታይ አገናኘኋቸው፤ ትንሽ ያገለገሉ ስለነበሩ 91 ቮልት ሰጡ። ለግሪዱ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የሰዓት ባትሪና የድምፅ ማስተካከያ ሬዚስተር። የኢሲሲ88 የአምራች ሰነድ የሚለው ይታወቃል፦ አኖዱ ላይ 90 ቮልት፣ ግሪዱ ላይ ከዜሮ በታች 1.3 ቮልት ሲሆን 15 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ ግሪዱ በ1 ቮልት ቢንቀሳቀስ የአኖዱ ኃይል በ12.5 ሚሊአምፔር ይንቀሳቀሳል። እኔ ግሪዱን ከ1.4 ወደ 1.2 አነቃንቄ ልዩነቱን እለካለሁ። ጤነኛ ከሆነ 2.5 ሚሊአምፔር አካባቢ ይለወጣል።

ሁለት ነገር በትዕግሥት ተማርኩ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሮቹ ይዘሉ ነበር፤ እጄን ወደ ቫልቩ ሳቀርብ ከ14 ወደ 9 ይወርዳሉ፣ ሳርቅ ይመለሳሉ። ኢሲሲ88 የተሠራው ለቴሌቪዥን ሞገድ መቀበያ ስለሆነ እጅግ ፈጣን ነው፤ በረጅም ሽቦ ካሠሩት ሳያሳውቅ በራሱ ወደ ማስተጋባት ይገባል፤ ቴስተሩም ሐሰት ያነባል። በግሪዱ እግር ሥር፣ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ፣ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስበይድ ቁጥሩ ድንጋይ ሆነ። ሁለተኛው፣ ቫልቭ ሞቅ እንዳለ የሚሰጠው ቁጥር የመጨረሻው ቁጥር አይደለም። 15 ደቂቃ ጠብቄ ነው የምጽፈው፤ በማግስቱም እደግመዋለሁ።

91 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ሰው ሊጎዳ ይችላል። የአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ 170 ቮልት ገደማ አለ፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ይይዙታል። እነሱን በሬዚስተር ሳላራግፍና ዜሮ መሆኑን በቴስተር ሳላይ እጄን አላስገባም። ይህን የምጽፈው ለወግ አይደለም።

ሰባቱ ቫልቮች

ለጋሼ ምትክ ፍለጋ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ያኔና ከዚያ በኋላ የገቡት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ባለ ቫልቭ ነበሩ። ጣቢያ በሚመረጥባት የብረት ሣጥን ውስጥ ሞገዱን መጀመሪያ የምትቀበለው ትንሽ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ፒሲሲ88 ናት፤ የኢሲሲ88 እኅት። ልዩነቱ ፊደሉ ላይ ተጽፏል። በአውሮፓውያን አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል ስለ ክሩ ይናገራል፦ «ኢ» ማለት 6.3 ቮልት፣ «ፒ» ማለት 300 ሚሊአምፔር። በቴሌቪዥኖቹ ውስጥ የቫልቮቹ ክሮች እንደ መቁጠሪያ በአንድ መስመር ተሰክተው ከ220 ቮልቱ ስለሚመገቡ፣ እኩል መሆን ያለበት የእያንዳንዱ ቮልቴጅ ሳይሆን በሁሉም የሚያልፈው አምፔር ነው። የፒሲሲ88 ክር 7 ቮልት ይፈልጋል። ውስጡ ግን ያው ነው። ከሁለት ሬሳ ቴሌቪዥን ሁለት ፒሲሲ88፣ ከሌላ ሻጭ ሁለት ኢሲሲ88፣ ሁለት የሶቪየት 6ኤን23ፒ (የኢሲሲ88 አቻ) ገዛሁ። ከጋሼው ጋር ሰባት ሆኑ። ቁጥር ሰጠኋቸው።

ቁጥር 1 የጋሼው ነው። በወርቅ ቀለም «6922» ተብሎ ተጽፎበታል፤ 6922 ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው የተሠራው፣ ውዱ ዓይነት ነው። ልጃቸው ከውጭ ሻጭ «ያልተነካ የድሮ ዕቃ» ተብሎ ነው የገዛው። ጽሕፈቱ በአውራ ጣቴ ሲነካ ለቀቀ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የእውነተኛ ቫልቮችም ጽሕፈት እንዲሁ ይለቃል፤ ስለዚህ ማንም ሰው አሮጌ ቫልቭ ሲያጸዳ ጽሕፈቱን አይንካ። ማስረጃው ክሩ ነው። 6922 የሚስበው 300 ሚሊአምፔር ነው፤ ተራው ኢሲሲ88 365። ቁጥር 1 በ6.3 ቮልት 362 ሳበ። ተራ ኢሲሲ88 ላይ የውድ ስም ታትሞበታል። የክሩን አምፔር መለካት ከሁሉ የቀለለ ምርመራ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። 600 አካባቢ ያነበበ ደግሞ ምናልባት 6ኤን1ፒ የሚባለው ሌላ የሶቪየት ዓይነት ነው፤ በዚህ ቤተሰብ ስም ሲሸጥ ይገኛል፤ ትራንስፎርመሩን እጥፍ ሊያሸክመው ነው።

ከዚያ ግማሾቹን ለካሁ። የግራው 13.1 ሚሊአምፔር፤ የቀኙ 9.8። ግሪዱን ስነቀንቀው የቀኙ ለውጥ 1.4 ብቻ ነው፤ የግራው 2.3። ክሩን ወደ 5.3 ቮልት፣ ማለትም ወደ ጋሼ ምሽት፣ አወረድኩት። ግራው 12.2 ላይ ቆመ። የቀኙ ቁጥር ግን ዓይኔ እያየ መንሸራተት ጀመረ፤ 9፣ 8፣ 7፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ 5.2። ግሪዱን ብነቀንቀው የሚለወጠው 0.3 ነው። ያ ቁጥር እየወረደ ሳለ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። እንዚራው የሞተው እዚህ ነው።

ቁጥር 2፣ ኢሲሲ88፣ አልፈተንኩትም። አናቱ ላይ መስተዋት የሚመስለው የባሪየም ቅብ ወተት ሆኗል፤ አየር ገብቶበታል፤ አልቋል። (ቅቡ የሚያብረቀርቅ መሆኑ ግን ቫልቩ አዲስ ነው ማለት አይደለም። አየር አልገባም ማለት ብቻ ነው።)

ቁጥር 3፣ ፒሲሲ88፣ በሚገባው 7 ቮልት 14.9 እና 14.4 ሰጠ። በ6.3 14.5 እና 14.1። በ5.3፣ ይህም ለእሱ ሩብ ያህል መራብ ነው፣ 11.0 እና 10.2። ቴሌቪዥን ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረ የሚያውቅ የለም፤ ያም ሆኖ በዚያ ረሃብ ከወርቅ ቅቡ ቁጥር 1 ቀኝ ግማሽ እጥፍ ይሰጣል። ቁጥር 4 እኅቱ ናት፤ ቁጥሯ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብዬ ስነካት በማዳመጫው ውስጥ እንደ ደወል ጮኸች። ውስጧ ላልቷል። ለሌላ ሥራ ትሆናለች፤ ለጆሮ ግን አትሆንም።

ቁጥር 5 እና 6 ሶቪየቶቹ ናቸው። አምስተኛው 14.1 እና 13.8፤ በ5.3 ቮልት 13.6 እና 13.2። ምንም አልነካውም። ስድስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ዓይነት ነውና። 15.0 እና 11.9 ሰጠ። ሁለተኛውን ግማሽ «ደክሟል» ብሎ የሚጥለው ሰው ይኖራል። ክሩን ሳወርደው ግን 11.9 የነበረው 11.6 ሆነ፤ አልነቃነቅም አለ። ያ ግማሽ ሲፈጠርም እንዲሁ ነው፤ አላረጀም። ግራና ቀኙ እኩል ባለመሆናቸው ለጋሼ አይሆንም እንጂ ጤነኛ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ካየን 11.9 እና 9.8 ወንድማማች ይመስላሉ፤ አንዱ ግን ገና ብዙ ዘመን አለው፣ ሌላው እየሞተ ነው። የሚለያቸው ሲቀዘቅዙ የሚሆኑት ነው።

ቁጥር 7፣ ሁለተኛው ኢሲሲ88፣ ከሁሉም ከፍተኛውን ቁጥር ሰጠ፦ 15.6 እና 15.2። ከሰነዱም ይበልጣል፤ ልቤ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። ከግሪዱ ፊት 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባሁ። ጤነኛ ግሪድ ምንም ኃይል ስለማያሳልፍ ሬዚስተሩ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ቁጥሩ አይለወጥም። ቁጥር 7 ከ15.6 ተነሥቶ 18ን አለፈ፤ መውጣቱንም አላቆመም። ውስጡ ጋዝ አለ፤ ጋዙ የሚፈጥረው ኃይል በግሪዱ በኩል እየተመለሰ ቫልቩን ሳይፈለግ ይከፍተዋል። እንዲህ ያለው ቫልቭ ሲሞቅ ራሱን ይበላል። ይህን ምርመራ ሳላደርግ ቢሆን ኖሮ የምመርጠው እሱን ነበር።

ምርጫውና ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ መብራቱን አስተካከልኩ። እትዬ የፍሪጁን ስታቢላይዘር አውሰውኝ ነበር፤ ቮልቴጁን መለሰው፣ ግን በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚዘጋና በሚከፈት ማብሪያ) የሚሠራ ስለሆነ በቀየረ ቁጥር ጋሼ ጆሮ ውስጥ «ጧ» ይል ነበር። በሞተር ቀስ እያለ የሚያስተካክለውን ዓይነት፣ ባለ 1,000 ቮልት አምፔሩን ገዛን። አምፕሊፋየሩ የሚወስደው ከ40 ዋት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ለሱ ብቻ ይበቃል፤ ፍሪጅም ሆነ ሌላ ነገር አብሮ እንዳይሰካ አደራ አልኩ። ለቫልቩ ክር ብቻ የተረጋጋ ኃይል መሥራት ይቻል ነበር፤ ግን መስመሩ ሲወርድ የአኖዱ 170 ቮልትም አብሮ ስለሚወርድ ሁሉንም ከምንጩ ማቃናቱን መረጥኩ።

ከዚያ ሦስት ምሽት አዳመጥን። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔ ቁጥር 1፣ 3 እና 5ን እየቀያየርኩ አሞቅና ማዳመጫውን አቀብላቸዋለሁ። የትኛው እንደሆነ አልነግራቸውም። ቁጥር 1ን ሦስቱንም ምሽት ለዩት፤ መብራቱ ተስተካክሎም «ቀኙ ትንሽ ወደ ኋላ ብሏል» ይሉ ነበር። ቁጥር 3ን ከቁጥር 5 ግን መለየት አልቻሉም፤ እኔም አልቻልኩም። አንዱን የፋብሪካ ስም ከሌላው እያስበለጡ ስለ ጣዕሙ የሚናገሩ ሰዎችን ብዙ ሰምቻለሁ። ከታች በእግሮቹ መካከል የአልማዝ ምልክት በብርጭቆው ላይ ስላለው ቴሌፉንከን፣ ስለ ሲመንስ፣ ስለ መላርድ የሚወራው ውበት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለት ጤነኛ ቫልቮች፣ ሁለት ግማሾቻቸው ተመጣጥነው፣ በተረጋጋ ክር ላይ ሲቀመጡ ዕድሜ ልኩን በገና የደረደረ ሰው ካልለያቸው፣ ገንዘብ የሚወጣው ስም ላይ ሳይሆን ምርመራ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር 5ን አስገባሁላቸው፤ ክሩ በተፈጥሮው ለ6.3 ቮልት የተሠራ ስለሆነና ስታቢላይዘሩ ቢበላሽ እንኳ ምሽቱን የሚችል ስለሆነ። ቁጥር 3ን በጥጥ ጠቅልዬ፣ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ መጠባበቂያ ሰጠኋቸው። ጋሼ ወረቀቱን አንብበው «ይህ ከቴሌቪዥን የወጣው ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንደዚህ ያለ ቴሌቪዥን ጎረቤት ቤት በመስኮት አይተናል» ብለው በሸሚዛቸው የደረት ኪስ ውስጥ አስቀመጡት።

ሐምሌ ላይ ቁጥር 5ን አውጥቼ ደግሜ ለካሁት። 14.0 እና 13.8፤ በ5.3 ቮልት 13.5 እና 13.2። ስታቢላይዘሩ ያን ዕለት ማታ የሚያሳየው የመስመሩ ቮልቴጅ 181 ነበር፤ የሚያወጣው 219።

ልወጣ ስል እትዬ «ለእኔስ ምጣድ እንዲህ ያለ ነገር የለውም?» ብለው ጠየቁኝ። ምጣድ የሚፈልገው ኃይል ይህ ዕቃ ከሚችለው ሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ፣ ለእሱ የሚሆነው ዋጋው ብዙ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ግድ የለም» አሉ። የጋሼን የሰባት ቀን ወረቀት ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ለጥፈውታል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሚለው መስመር ሥር በከሰል ተሰምሮበታል። ከዚያ ወዲህ እንጀራ የሚጋግሩት ጠዋት ነው።